ከእንጦጦ እንጨት እስከ አቶም

እኛ የየካ ልጆች እናቶች ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው ሲወርዱ እያየን አደግን። ኃይል ማጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ከጀርባቸው አይተናል።

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ የኒውክሌር ማመንጫ ዕቅድ ይፋ ሆነ፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር ስምምነት ተፈረመ።

ዛሬ ከአቶም መብራት የሚያገኙት 30 ያህል አገሮች ናቸው። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት፤ ግብፅ ገና እየገነባች ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2009 ከኮሪያ ጋር ተዋውላ የመጀመሪያውን ኃይል ያገኘችው በ2020 ነው።

ስለዚህ ፊርማ መብራት አይደለም። ማመንጫው ሲደርስ መሐንዲሱ ዛሬ ፊዚክስ የሚማረው ልጃችን ነው። ወላጆች ሆይ፣ ደብተሩን እንይለት።