አኩሪ አተር በአይጥ ቀለብ (ምዕራብ ሐረርጌ)

በቺሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በገለምሶ፣ በበዴሳም ሆነ በሚኤሶ አይጥ የእህል ጠላት እንጂ የቤት እንስሳ አይደለም፤ ቢሆንም ማሽላ በሚበላ አገር አይጥ በቤት ውስጥ በሚዘጋጅ ቀለብ እንዲያድግ ከተፈለገ አኩሪ አተር ሁነኛ ማሟያ ነው። ማሽላ ጉልበት ይሰጣል፤ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ግን ያንሰዋል። በ1973 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ሲንግና አክስቴል ላይሲናቸው ከፍ ያለ የኢትዮጵያ ማሽላዎችን ሲለዩ፣ እነዚህን የተመገቡ ግልገል አይጦች ተራውን ማሽላ ከበሉት በተሻለ አድገዋል። አኩሪ አተር ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ማሽላውም በበኩሉ አኩሪ አተር የሚያንሰውን ሜታዮኒን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ በከፊል ያካክሳል።

አይጥ ያገኘውን ሁሉ ስለሚበላ ጥሬውን ቢሰጠው ምን ይጎዳዋል የሚል ይኖራል። ተመራማሪዎቹ ኦስቦርንና ሜንዴል በ1917 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ጥሬ አኩሪ አተር የተመገቡ አይጦች በወጉ አላደጉም፤ የበሰለው ግን አሳድጓቸዋል። ጥሬው ፕሮቲን የሚፈጨውን ትሪፕሲን የሚያግድ ነገር አለው፤ በደንብ መቀቀል ያከሽፈዋል። ሌላው ተቃውሞ በአኩሪ አተር ውስጥ ያሉት፣ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የሚመስሉት አይሶፍላቮኖች ናቸው፤ ሥጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም፣ ሆርሞን የሚያጠኑ ቤተ ሙከራዎችም አኩሪ አተር የሌለበትን ቀለብ ይመርጣሉ። ሆኖም ብዙው የተለመደ የቤተ ሙከራ ቀለብ አኩሪ አተር እያለበት አይጦቹ ይራባሉ፤ ስለዚህ መጠኑን መቀነስ እንጂ መከልከል አያስፈልግም። ይልቅ የሚያሰጋው በማሽላውም በአኩሪ አተሩም ውስጥ ቫይታሚን ቢ12 አለመኖሩ ነው፤ ጥቂት የተቀቀለ እንቁላል ይበቃዋል። በሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ ስለሚከማች ሻጋታውም መታየት አለበት፤ የሻገተ እህል ለአይጥም አይሰጥም።