ከጭስ መውጫ እስከ ድርብ መስታወት

መስኮት በግእዝም በአማርኛም ስሙ አንድ ነው። ስሙ ይህን ያህል ዕድሜ ጠገብ ይሁን እንጂ ራሱ ነገሩ በአብዛኛው ወገናችን ቤት የትናንት እንግዳ ነው። አለት ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን ያነጹ አባቶቻችን መስኮትን አሳምረው ያውቁታል፤ የገዛ ጎጇቸውን ሲቀልሱ ግን በሩ ብቻ ይበቃቸው ነበር። ይህ ለምን ሆነ ብሎ መጠየቅ የሥራ ፈት ወግ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ዛሬ ከአዲስ አበባ አልፎ እስከ ቦንጋ ድረስ አቅሙ የፈቀደለት ሁሉ ቤቱን በ«ደብል ግሌዝ»፣ ማለትም በድርብ መስታወት፣ መዝጋት ጀምሯልና ጥያቄው የኪስም የጤናም ጥያቄ ሆኗል።

ከአክሱም ልነሣ። ትልልቆቹ ሐውልቶች ፎቅ ቤት መስለው የተጠረቡ ናቸው፤ ከግርጌያቸው በር፣ ከበሩ በላይ ደግሞ ደርብ በደርብ የተደረደረ መስኮት አላቸው። ጣሊያን በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ ሮም ወስዶት በ2005 እ.ኤ.አ. የተመለሰልን፣ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልትም እንዲሁ ነው። ታዲያ ከእነዚያ መስኮቶች አንዱም አይከፈትም። ሐውልቶቹ የመቃብር ምልክት ናቸውና አያስገርምም፤ ለሞተ ሰው አየር ምን ያደርግለታል? ላሊበላ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ መስኮቱ በመስቀል ቅርጽና በቅስት ተፈልፍሎ ብርሃን ያስገባል፣ የዕጣኑን ጭስ ያስወጣል። ጎንደር ደግሞ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የነገሥታቱ ግንቦች ሰፋፊ ባለቅስት መስኮቶች አወጡ። የመስኮት ቁም ነገሩ አየርና ብርሃን ነበር፤ መስታወት የመጣው ኋላ ነው።

ወደ ተራው ሰው ቤት እንግባ። በቦንጋ ዙሪያም ሆነ እንደ ደካ ባሉ የካፋ ሥፍራዎች የድሮው ቤት ክብ ነው፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር፣ ምድጃው መሀል ቤት። መስኮት የለውም። ብርሃን በበሩ ይገባል፤ ጭስ በሣሩ መሀል እየሾለከ ይወጣል። ጭሱም የራሱ ሥራ ነበረው፤ ክዳኑን ያደርቃል፣ ነፍሳት ያባርራል፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን እህል ከነቀዝ ይጠብቃል። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚወርድበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋውን የከፈሉት ግን ምድጃው ሥር የሚውሉት እናቶችና ሕፃናት ናቸው፤ በዓይናቸውና በሳንባቸው ከፈሉ። ስለዚህ «የጥንቱ ቤት ይሻል ነበር» የሚል የናፍቆት ዘፈን አልዘፍንም። ቤቱ የአካባቢው ሰው ለዝናቡና ለብርዱ የሰጠው መልስ እንደ ነበር ግን መካድ አይቻልም። ሲበላሽም የሚጠግነው ሰው ከመንደሩ አይጠፋም።

በ1897 እ.ኤ.አ. የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ የካፋ መንግሥት አበቃ። በዚያው ዓመት ከጅቡቲ የባቡር ሐዲዱ ሥራ ተጀመረ። ሁለቱ ነገሮች ሩቅ ለሩቅ ይመስላሉ፤ ሆኖም አንዱ ካፋን ከማዕከሉ ጋር አሰረ፣ ሌላው ማዕከሉን ከባሕር ጋር አገናኘ። ባቡሩ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲገባ፣ እንደ መስታወት ያለው ከባድና ተሰባሪ ዕቃ ከግመልና ከበቅሎ ጀርባ ተገላገለ። ቆርቆሮ ሣሩን ተካ፣ መስኮት ግድግዳውን በሳ፣ መስታወት መስኮቱን ሸፈነ። ወደ ክፍለ አገር ሲወርድ ግን ዘገየ። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ አውራጃ ግዛቱ ቀድመው አገኙት፤ የሰዉ ቤት ለረጅም ጊዜ በጣውላ መዝጊያ ቆየ።

የያኔው መስታወት ነጠላ ነው። የእኔ ዘመን ልጆች ኳሳችን ስንቱን እንደ ሰበረች እናውቃለን። ግን ሲሰበር ማን ይጨነቃል? አናፂው ይመጣና ስባሪውን ያነሣል፣ የደረቀውን ስቱኮ በመሮ ይፍቃል፣ ልኩን በክር ወስዶ ሄዶ በአልማዝ ጫፍ መቁረጫ ያስቆርጣል፣ በትንንሽ ምስማር ይዞ አዲስ ስቱኮ ይለጥፋል። ከሰዓት በኋላ የተጀመረው ሥራ ሳይመሽ ያልቃል። ኋላ ኤልቲዜድ የምንለው የብረት መስኮት ሲመጣም ሙያው ብዙ አልተለወጠም። የአፍሪካ አዳራሽን እዩ። አፈወርቅ ተክሌ የሠሯቸው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑት ባለቀለም መስታወቶች አዳራሹ በ1961 እ.ኤ.አ. ከተመረቀበት ጊዜ ጀምሮ አሉ፤ ሕንፃው ታድሶ በ2024 እ.ኤ.አ. ዳግም ሲከፈት እነሱም አብረው ታድሰው ጠበቁን። ጠጋኝ ያለው መስታወት ከሠሪው በላይ ዕድሜ ይኖረዋል።

ድርብ መስታወትን የወለደው ሌላ ችግር ነው፤ ብርድ። በደርግ ዘመን ወደ ሶቪየት ኅብረት የተላኩ ተማሪዎች ያዩትን ሲያወጉ ሰምቻለሁ። መስኮቱ ሁለት መዝጊያ አለው፤ አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ። ክረምቱ ሲቃረብ በሁለቱ መሀል ጥጥ ይነጠፋል፣ ስንጥቁ ሁሉ በወረቀት ይለጠፋል፤ አየር ለመለወጥ ከላይ በኩል አንዲት ትንሽ መዝጊያ ትቀራለች፣ «ፎርቶችካ» ይሏታል። ልብ በሉ፤ ያም ድርብ መስኮት ነው፤ ግን ወረቀትና ሙጫ ያለው ተማሪ ሁሉ ይጠግነዋል። ሁለት መስታወት ዳርና ዳሩን አሽጎ አንድ አካል የማድረጉን ሐሳብ ቶማስ ስቴትሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1865 እ.ኤ.አ. በፓተንት አስመዘገበው። በሰፊው ገበያ የገባው ግን በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው።

ከዚያ የ1973 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ቀውስ መጣ። አውሮፓ ቤት ማሞቂያው ሲወደድበት መስኮቱን ደረበ። እኛ ዘንድ ያው የነዳጅ ዋጋ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂዎችን ለአድማ አስነሣ፤ አብዮቱም ተከተለ። አንድ ቀውስ በሁለት አገር፤ አንዱ መስኮቱን ዘጋ፣ ሌላው አደባባይ ወጣ። ዛሬ በየሱቁ ተደርድሮ የምናየው መስታወት የዚያኛው አገር መልስ ነው።

መልሱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በሁለቱ መስታወት መሀል ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት አለ፤ ደረቅ አየር ወይም አርገን የሚባል ጋዝ ይታሸግበታል። ዳር ዳሩን የሚለየው ቀጭን ዘንግ ውስጡ እርጥበት የሚመጥ ጥራጥሬ ይዟል። በዚህ ዘዴ የሚያልፈው ሙቀት ከነጠላው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ የመንገድ ጩኸትም ይለዝባል። አዲስ አበባ ዋና መንገድ ዳር ለሚተኛ ሰው ይህ እረፍት ነው። ችግሩ ያለው ማሸጊያው ላይ ነው። እሱ ከተከፈተ እርጥበት ይገባል፣ ጥራጥሬው ይጠግባል፣ መሀሉ ይጎማል።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች። ከዚያ ወዲህ ግንባታው በዝቷል። እዚያ አዲስ ቤት የሠራ አንድ የሥጋ ዘመድ አለኝ። ልጠይቀው በሄድኩበት ክረምት ሳሎኑ ውስጥ ከመስኮቱ ጋር ሲታገል አገኘሁት፤ ጨርቅ ይዞ አንዴ ከውስጥ፣ አንዴ ከውጭ ይወለውላል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር አልለቅ አለኝ እኮ» አለኝ።

«መሀሉ ነው ያለው፤ በምን እጅህ ትደርስበታለህ?»

«ታዲያ የገጠሙልኝ ሰዎች ጋ ደውዬ ነበር። ‹መስኮቱን በሙሉ ነቅለህ አዲስ አስገባ› አሉኝ።»

ይህ ሁለተኛ ዘረፋ ነው። የጎመው መስታወቱ ብቻ ነውና የሚለወጠው እሱ ነው፤ ፍሬሙ ደህና ከሆነ ማንም አይነካውም። ወርዱ፣ ቁመቱና ጠቅላላ ውፍረቱ ተለክቶ፣ በዚያው ልክ የታሸገ አዲስ ድርብ መስታወት ይገባል። መስታወቱን በስቶ ማድረቅ የሚባል ዘዴም አለ፤ ጉሙ ለጊዜው ይጠፋል፣ የተበላሸው ማሸጊያ ግን አይድንም፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

የዘመዴን ፍሬም ዝቅ ብዬ ሳየው ምክንያቱ ፊት ለፊት ቆሟል። የአልሙኒየም መስኮት ከግርጌው በውጭ በኩል ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ የገባው ዝናብ በእነሱ ይወጣል። ለሳኙ በሲሚንቶ ደፍኗቸዋል። ውሃው ፍሬሙ ውስጥ ቆሞ ማሸጊያውን ሲያርሰው ከረመ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው ለካ ለመስኮትም ይሠራል። ብርድ ለበዛበት አገር የተፈለሰፈውን ዕቃ ዝናብ ለበዛበት አገር ስናመጣ፣ በትውልድ አገሩ ትንሽ የነበረችው ቀዳዳ እዚህ ዋና ነገር ትሆናለች።

ከፍታችንም የራሱ ጣጣ አለው። ከባሕር ዳርቻ የታሸገ የብስኩት ከረጢት አዲስ አበባ ሲደርስ ተነፍቶ አይታችሁ ይሆናል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ የቦንጋም ቢሆን በስድስተኛ ገደማ። ባሕር ዳርቻ ባለ ፋብሪካ የታሸገ ድርብ መስታወትም ወደ ደጋ ሲወጣ እንደ ከረጢቱ ሆዱ ይነፋል፤ ማሸጊያው ይወጠራል፣ አንዳንዱም ይሰነጠቃል። በተቃራኒው ደጋ ታሽጎ ቆላ የወረደው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ስለዚህ ሲገዙ «የት ነው የታሸገው?» ብሎ መጠየቅ ነገር ፍለጋ አይደለም። ፋብሪካዎች ለዚህ ሲሉ ግፊቱን የምታስተካክል ቀጭን ቱቦ የሚያስገቡበት ጊዜ አለ፤ ይህን የሚጠይቅ ገዢ ግን ያስፈልጋል።

ቀሪው የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ከባድም አይደለም። ጤዛው ከውስጥ በኩል ከሆነ የክፍሉ እርጥበት ነው፤ መስኮት ይከፈት። ጠዋት ከውጭ በኩል ከሆነ መስታወቱ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ፀሐይ ያደርቀዋል። መሀሉ ላይ ከሆነ ብቻ ማሸጊያው አልቋል። የግርጌ ቀዳዳዎቹን ከክረምት በፊት በቀጭን ሽቦ መጥረግ፣ ጎማውን በሳሙና ውሃ ማጠብ፣ ማጠፊያውን ጠብታ ዘይት መቀባት፣ የተረጨ ሲሚንቶ ሳይደርቅ ማጠብ፤ ይኸው ነው። ሻጩ «ደብል ነው» ካለዎት ደግሞ ሲመሽ ሻማ አብርተው ወደ መስታወቱ ያስጠጉ። ድርብ ከሆነ አራት ነበልባል ያያሉ፤ ሁለት ብቻ ካዩ የከፈሉት ለነጠላ ነው።

አንድ ነገር ግን በጥገና አይመለስም፤ የማይከፈት መስኮት። በ2007 እ.ኤ.አ. በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች ላይ የወጣ ጥናት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆነው የድሮ ሕንፃዎች ከአዲሶቹ የተሻለ አየር እንደሚለዋወጡ፣ ለሳንባ ነቀርሳ መተላለፍም አደጋቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በእኛ አገር በሽታው የትናንት ወሬ አይደለም። መማሪያ ክፍልና የጤና ጣቢያ መጠበቂያ በታሸገ መስታወት ሲጋረድ ሳይ የአክሱሙ መስኮት ትዝ ይለኛል። የእሱስ ለሙታን ነው።

እንግዲህ ቦንጋ ገና እየተሠራች ያለች ከተማ ናት፤ የሚታረም ነገር አሁን ይታረማል። ቤት የምትሠሩ ሰዎች፣ በየክፍሉ ቢያንስ አንድ የሚከፈት መዝጊያ ይኑር በሉ። የሙያ ማሠልጠኛዎቻችንም በር መበየድ እንደሚያስተምሩ ሁሉ ድርብ መስታወት ለክቶ መለወጥ ቢያስተምሩ፣ ለወጣቱ እንጀራ ነው፤ ለባለቤቱም መስኮት በሙሉ ከማስነቀል መዳን ነው። እስከዚያው መስታወቱ ሲገባ የሦስቱን ልክ፣ ወርዱን፣ ቁመቱንና ውፍረቱን፣ ከነዓመተ ምሕረቱ በማይለቅ ቀለም በመዝጊያው ጠርዝ ላይ ጻፉት። ከሃያ ዓመት በኋላ ያንን መዝጊያ የሚከፍተው ልጃችሁ ሊሆን ይችላል፤ ሜትር ይዞ ከመጣው ጠጋኝ ጋር ቆሞ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።