የፈረሰውና እንደ ገና የተሠራው ዓለም፤ ስለ አንድ የጃፓን ጨዋታና ስለ ተጫዋቾቹ አስተያየት

በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ውስጥ የክፍል ጓደኞቼ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የጻፉትን ታነባላችሁ። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ስለ አንድ ጨዋታ ነው። ርእሱን ለታሪክ አስተማሪያችን ባሳየሁ ጊዜ «ጨዋታ ታሪክ አለውን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሰዎች አንድ ነገር ሠርተው፣ ሌሎች በሥራው ላይ ፈርደው፣ ከፍርዱም በኋላ የሆነው ሲጻፍ ታሪክ የሚባል ከሆነ ይህ ጨዋታ ታሪክ አለው ብዬ መለስሁላቸው። ጥቂት ፈገግ ብለው ፈቀዱልኝ።

ነገሩ የተፈጸመው በጃፓን አገር ስለ ሆነ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ወላጆቻችን ገበጣን ያውቃሉ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ጠጠር ያዞራሉ፤ አንዱ ሲያሸንፍ ጨዋታው ያልቃል። እኔ የምናገርለት ግን በኮምፒዩተር ላይ የሚታይ ረዥም ተረት ነው። ተጫዋቹ በተረቱ ውስጥ የአንዱን ሰው ቦታ ይይዛል፤ ጦረኛ ወይም አስማተኛ ወይም ሐኪም ሆኖ ከአገር ወደ አገር ይዞራል፣ ከአውሬ ጋር ይዋጋል፣ ኀይሉም እየዋለ እያደረ ይጨምራል። ጃፓኖች በዚህ ሙያ ስመ ጥር የሆኑት በ1986 ዩጂ ሆሪይ «ድራገን ኵዌስት» የተባለውን፣ በ1987 ደግሞ ሂሮኖቡ ሳካጉቺ «ፋይናል ፋንታሲ» የተባለውን ካወጡ ወዲህ ነው። የሁለቱ ኩባንያዎች በ2003 ተዋሕደው ስኩዌር ኤኒክስ ተባሉ።

ፋይናል ፋንታሲ በተራ ቍጥር እየተከታተለ ወጣ። በ1997 የወጣው 7ኛው በብዙ አገሮች ተወደደ፤ በ2002 የወጣው 11ኛው ደግሞ እጅግ ብዙ ሰዎች በየአገራቸው ሆነው በኢንተርኔት አማካይነት አንድነት የሚኖሩበት ዓለም ሆነ። ስለዚህ 14ኛውም እንደዚሁ በአንድነት የሚጫወቱት፣ በየወሩም የሚከፈልበት እንደሚሆን በተነገረ ጊዜ ብዙ ሰው በተስፋ ጠበቀ። ጨዋታው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2010 ወጣ።

ተጫዋቾቹም ከመጀመሪያው ሳምንት ዠምረው አዘኑ። ሥዕሉ እጅግ ያማረ መሆኑን ማንም አልካደም። ዳሩ ግን ዕቃ ከከረጢት ለማውጣት ብዙ ሰሌዳ መክፈት፣ እያንዳንዱም እስኪከፈት መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ኮረብታውና ዋሻው እዚህም እዚያም አንድ ዐይነት ስለ ነበረ መንገደኛው ቀድሞ ያለፈበትን ቦታ ተመልሶ ያየ ይመስለው ነበር። ከሁሉ የባሰው ገበያው ነው። በሌሎች ጨዋታዎች ሰው የሚፈልገውን ዕቃ ስም ጽፎ ዋጋውን ያያል። በዚህ ግን የሻጮቹ ወኪሎች በረዥም ሰልፍ ቆመው ገዢው የእያንዳንዳቸውን ከረጢት መበርበር ነበረበት። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያስበው፤ የበርበሬ ተራ፣ የቆርቆሮ ተራ የሚባል ሳይኖር፣ ሁሉም ተደባልቆ፣ ሻጩም ዝም ብሎ ቆሞ።

ደግሞም በሳምንት ውስጥ ብዙ ሰዓት የተጫወተ ሰው የሚያገኘው ዕድገት እየቀነሰ እንዲሄድ ሕግ ወጥቶ ነበር። የኩባንያው አሳብ ጊዜ ያጣው ሰው ጊዜ ካለው ሰው እጅግ ወደ ኋላ እንዳይቀር ነው። እናቴ ይህን ሕግ ብትሰማ እጅግ ታመሰግነዋለች። ተጫዋቾቹ ግን ገንዘብ ከፍለን ስለ ትጋታችን እንቀጣለን ወይ ብለው ጮኹ። ጃፓኖቹ ሌላም ቅሬታ ነበራቸው። ቾኮቦ የሚባለውን፣ በዚህ ጨዋታ ከጥንት ዠምሮ እንደ ፈረስ የሚጋለበውን የተወደደ ወፍ ስሙን ትተው «የፈረስ ወፍ» የሚል ትርጉም ባላቸው ፊደላት ተጽፎ ስላገኙት ተቈጡ። ነገሩ ለውጭ ሰው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ከልጅነቱ የሚያውቀው ስም ሲለወጥበት ቤቱ ውስጥ እንግዳ የገባ ያህል ይሰማዋል።

በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ተማሪ ሆኖ ይህን ጨዋታ ይጫወት ነበር። ከእኔ እጅግ ስለሚበልጥ ጋሼ እለዋለሁ። እርሱ እንደሚለው፣ የጠሉት ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ ዘግተው ሄዱ፤ በየቀኑ ረዥም ወቀሳ ይጽፉ የነበሩት ግን በየቀኑ የሚጫወቱት ናቸው። እኔም ይህን ታሪክ ባጠናሁ ጊዜ የተገነዘብሁት ይህንኑ ነው። ጨዋታውን በኋላ ለማደስ የጠቀመው የሄዱት ሰዎች ዝምታ ሳይሆን የቀሩት ሰዎች ወቀሳ ነበር።

በዲሴምበር 2010 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ዮይቺ ዋዳ ተጫዋቾቹን በግልጽ ይቅርታ ጠየቀ። ሥራውን ይመራ የነበረው ሂሮሚቺ ታናካ ከቦታው ወረደ፤ ወርኀዊውም ክፍያ እስከ 2012 መጀመሪያ ድረስ ሳይጠየቅ ቆየ። ስለ ይቅርታው ብዙ አሰብሁ። በዕድሜና በማዕርግ ከፍ ያለ ሰው፣ አብዛኞቹ ወጣቶች በሆኑ ሰዎች ፊት «አላረካናችሁም» ብሎ መናገሩ በማናቸውም አገር ቀላል ነገር አይደለም። እኛም ቤት ቀላል አይደለም።

በታናካ ቦታ የተተካው ናኦኪ ዮሺዳ ነው። ቀድሞ በድራገን ኵዌስት በኩል ይሠራ የነበረ፣ ራሱም እንዲህ ያሉ የኅብረት ጨዋታዎችን አብዝቶ የተጫወተ ሰው ነበር። በ2014 በሳን ፍራንሲስኮ ለሙያ ባልደረቦቹ በተናገረ ጊዜ ውድቀቱ ከምን እንደ መጣ አልሸሸገም። ሠሪዎቹ በሥዕሉ ውበት ላይ ብቻ ተጠምደው ነበር፤ በዘመኑ ሌሎች የሠሯቸውን ጨዋታዎች አላወቁም፤ ስሕተትም ቢኖር በኋላ ይታረማል ብለው ተዝናንተው ነበር። ለምሳሌ ያቀረበው አንዲት የአበባ ማሰሮን ነው። ማሰሮዋን ለመሳል የወጣው ጥበብ አንድን ሰው ለመሳል ከወጣው ጋር እኩል ነበር። በየጥጉ እንዲህ ያለ ማሰሮ ከተቀመጠ ኮምፒዩተሩ ሰዎቹን በብዛት ማሳየት ያቅተዋል። ብዙ ሰው ይሰበሰብበታል በተባለ ዓለም ለአበባው ማሰሮ ሲባል የሰው ቍጥር ተወሰነ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እንግዳ የማይቀመጥበት ያማረ ሳሎን ትዝ አለኝ።

ዮሺዳ ከሁሉ አስቀድሞ የተጫዋቾቹን አሳብ ጠየቀ፤ ቀጥሎም በቍጥር የተለዩ ደብዳቤዎችን ይጽፍላቸው ዠመር። ጨዋታው በጃፓንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ የወጣ ስለ ሆነ ደብዳቤዎቹም እንዲሁ ይተረጐሙ ነበር። የትኛው እንደሚታረም፣ የትኛው እንደማይሆንና ለምን እንደማይሆን ይነግራቸው ነበር። በማርች 2011 ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ በጃፓን በደረሰ ጊዜ የኤሌክትሪክ ኀይል ለመቈጠብ ጨዋታው ለጥቂት ጊዜ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ደግሞ ትልቁ ነገር ተነገረ፤ አሮጌው ጨዋታ ፈጽሞ ሊቀር፣ አዲስም ሊሠራ ነው። ስለዚህ አንዱ ወገን አሮጌውን እየጠገነ ሲያቈይ ሌላው ወገን አዲሱን ይሠራ ነበር።

አሮጌውን ያፈረሱበት መንገድ ግን ከሁሉ ያስደንቀኛል። በጨዋታው ሰማይ ላይ ዳላሙድ የምትባል ቀይ ጨረቃ ነበረች። ጨረቃዋ በየጊዜው እየቀረበችና እየገዘፈች መጣች፤ ተጫዋቾቹም ቀና ባሉ ቍጥር የዓለማቸውን መጨረሻ ያዩ ነበር። ኖቬምበር 11 ቀን 2012 ጨዋታው ተዘጋ። በተከተለው ፊልም ጨረቃዋ ተሰንጥቃ ባሃሙት የሚባል ዘንዶ ወጣና ምድሩን አቃጠለ። ሉዊሷ የሚባል አንድ ሽማግሌ ጠቢብ ግን ጀግኖቹን ከእሳቱ አድኖ ወደሚመጣው ዘመን ላካቸው። አዲሱ ጨዋታ ኦገስት 27 ቀን 2013 ሲከፈት በታሪኩ ውስጥ አምስት ዓመት አልፎ ነበር። የአገሩ ሰዎች ያዳኗቸው ጀግኖች እንደ ነበሩ ያስታውሳሉ፤ ፊታቸውንና ስማቸውን ግን ማስታወስ አይችሉም።

ጋሼ በመጨረሻዋ ሌሊት ነቅቶ ነበር። «ስንት ዓመት ስንሰድበው የነበረውን ነገር ሲዘጋ ተላቀስንበት» ብሎ ነገረኝ። ደግሞም ከአሮጌው የተሻለ ነው ያሉት አዲሱ ጨዋታ አንዳንድ ነገር እንዳስቀረበት እስከ ዛሬ ይናገራል፤ ድንበር ሳያቋርጡት በእግር የሚሄዱበት ሰፊ ሜዳ ነበረ ይላል። የብዙ ሰው አሳብ ሲፈጸም የጥቂቶቹ ሜዳ አብሮ ይሄዳል።

በ2013 ሕዝቡ እጅግ ስለ በዛ መግቢያው ተጨናነቀ፤ ኩባንያውም በኢንተርኔት የሚሸጠውን ለጊዜው እስከ ማቆም ደረሰ። በዲሴምበር 2021 «ኢንድዎከር» የተባለው ክፍል ሲወጣ ይኸው ነገር ተደገመ፤ ሰዎች ለመግባት ብቻ ብዙ ሰዓት ይሰለፉ ነበር። ዮሺዳ ደግሞ ሲሰለቻችሁ ትታችሁ ሌላ ተጫወቱ፣ ስትፈልጉ ትመለሳላችሁ የሚል ሰው ነው። በየወሩ ክፍያ ከሚቀበል ነጋዴ አፍ እንዲህ ያለ ቃል መውጣቱ ይገርማል።

ፍርዱ ግን በዚህ አልቆመም። በጁላይ 2024 «ዶንትሬይል» የተባለው ክፍል በወጣ ጊዜ ተጫዋቾቹ ተከፋፈሉ። ውጊያውንና የታደሰውን ሥዕል ብዙዎች አመሰገኑ፤ ታሪኩን ግን አንዳንዶቹ ረዘመ፣ አንዲት ልዕልትም ስፍራውን ሁሉ ያዘችው ብለው ነቀፉ፤ ሌሎቹም ልዕልቲቱን ወደዷት። ጥቂቶች ደግሞ ታሪኩን ትተው በእንግሊዝኛ ድምፅዋን የሰጠችውን ተዋናይት እስከ መስደብ ደረሱ። ይህ አስተያየት ሊባል የሚገባው አይመስለኝም። በጃንዋሪ 2025 ኩባንያው ሠራተኞቹን በሚሰድቡና በሚያስፈራሩ ደንበኞች ላይ ወደ ሕግ ሊሄድ እንደሚችል የሚገልጽ ደንብ አወጣ። በ2010 ወቀሳን በይቅርታ የተቀበለው ያው ኩባንያ ነው፤ እኔም ሁለቱ የሚጋጩ አይመስሉኝም።

ባለፈው ክረምት ጋሼ ለዕረፍት መጥቶ ስለዚሁ ልዕልት ስንከራከር አመሸን፤ እርሱ ነቃፊ፣ እኔ ደጋፊ ሆኜ። በኋላ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ቀርጾ ያስቀመጠውን አንድ ነገር አሳየኝ። ክፍያው በ2012 እንደ ገና በተዠመረ ጊዜ፣ አሮጌው ጨዋታ ሊጠፋ እንደ ሆነ እያወቁ ቢያንስ 90 ቀን የከፈሉ ተጫዋቾች ነበሩ። የእነርሱ የጨዋታ ስሞች በአዲሱ ጨዋታ መጨረሻ፣ ከሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ጋር ተጽፈዋል። ስሞቹ ከታች ወደ ላይ በብዛት ያልፋሉ። ጋሼ በድንገት «ያውልህ!» ብሎ በጣቱ አመለከተ፤ እኔ ቀና ስል ስሙ አልፎ ነበር። ለማንበብ ሁለት ጊዜ መልሰን ማየት ነበረብን።