የሚለካው ግድግዳው ነው ወይስ ባለቤቱ?

በአሜሪካ ከተሞች ዳርቻ ተሰልፈው የቆሙት ቤቶች ከሩቅ ሲታዩ ብዙዎቹ በእንጨት ሳንቃ የተለበጡ ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ በጣት መታ መታ ላደረጋቸው ሰው ግን ድምፃቸው የፕላስቲክ ነው። ቪኒል ሳይዲንግ የሚባለው የቤት ልብስ ይኸው ነው። ቤት የገዙ ወገኖቻችንም ውለው አድረው ከዚህ ዕቃ ጋር መተዋወቃቸው አይቀርም፤ ያረጀውን ለማስቀየር ሦስት ኮንትራክተር የጠራ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሦስት የማይቀራረቡ ዋጋዎች ይዞ ግራ ሲጋባ ይገኛል። ቤቱ አንድ፣ ግድግዳው አንድ፣ ዋጋው ሦስት! ይህ ከየት መጣ ቢባል መልሱ ከዕቃው ይልቅ በዕቃው አሻሻጥ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ነገሩ የሚጀምረው በ1934 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት ግንበኛውም አናጢውም ሥራ ፈቶ ነበርና የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት የቤቶች ሕግ አወጣ። የሕጉ የመጀመሪያ ክፍል፣ ቤቱን ለሚያድስ ሰው ባንኮች እስከ 2,000 ዶላር ያለመያዣ እንዲያበድሩ የሚያደፋፍር ነበር፤ ተበዳሪው ባይከፍል ኪሣራውን የሚሸፍነው ኤፍ ኤች ኤ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፣ ብዙ ቤትም አሳድሷል። ይሁን እንጂ ባንኩ ኪሣራው የሌላ ሰው መሆኑን ካወቀ ሥራው በትክክል መሠራቱን ሄዶ የሚያይበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሉሚኒየም ሳይዲንግ ገበያውን ሞላው። ዕቃው ራሱ ክፉ አልነበረም፤ አይበሰብስም፣ ምስጥ አይበላውም፣ በየጥቂት ዓመቱ ቀለም ቅባኝ አይልም። ክፉው በር እያንኳኳ የሚሸጠው ሰው ነበር። በብዙ ቦታ የአከፋፈሉ ሥርዓት የሚከተለው ነው፤ ኩባንያው ለሻጩ የመነሻ ዋጋ ይነግረዋል፣ ሻጩ ከዚያ በላይ ያስከፈለው ገንዘብ የራሱ ይሆናል ወይም ከኩባንያው ጋር ይካፈለዋል። እንግዲህ ሻጩ ሜትሩን ዘርግቶ ግድግዳውን ይለካ እንጂ ዓይኑ የሚለካው ባለቤቱን ነው። ሽማግሌ ናት? ብቻዋን ትኖራለች? የጻፈውን ታነባለች? ዋጋው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘዴያቸውም የታወቀ ነበር። ቤትዎ ለሰፈሩ ማሳያ እንዲሆን ተመርጧል፣ ጎረቤት አይቶ ባሠራ ቁጥር ለእርስዎ ጉርሻ ይከፈልዎታል፣ ስለዚህ ሥራው በነፃ እንደተሠራልዎት ይቁጠሩት ይላሉ። ጉርሻው አይመጣም። ከዚህ የባሰው የሥራ ማጠናቀቂያ ሰነድ የሚሉት ወረቀት ነው። አንድ ምስማር ሳይመታ ባለቤቱን ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ያስፈርሙታል፤ ባንኩ ያንን ሰነድ ሲያይ ገንዘቡን ለኮንትራክተሩ ይለቃል። የዕዳው ሰነድ ወደ ባንክ ከተላለፈ በኋላ ባለቤቱ ሥራው ተበላሽቷል ብሎ ቢጮህ ሰሚ የለውም። በወቅቱ ሕግ መሠረት ባንኩ የገዛው ዕዳውን እንጂ ጥፋቱን አልነበረምና።

በሚያዝያ 1954 ነገሩ ፈነዳ። የአይዘንሃወር መንግሥት የኤፍ ኤች ኤን ኃላፊ ጋይ ሆሊዴይን ሥራውን እንዲለቅ አደረገ፤ በሴናተር ኬፕሃርት የሚመራው የሴኔቱ የባንክ ኮሚቴም ምስክሮችን እየጠራ ጉዱን አወጣው። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ባንኮች ከእያንዳንዱ ኪሣራ አሥር በመቶውን ራሳቸው እንዲሸከሙ ደነገገ። ትንሽ ብትመስልም ባንኮች ዓይናቸውን የገለጡት በዚህች አሥር በመቶ ነው። ሻጮቹ ግን አልጠፉም። ሜሪላንድ የቤት ማደሻ ኮሚሽኗን ያቋቋመችው በ1962 ሲሆን፣ ባሪ ሌቪንሰን በ1987 ያወጣው «ቲን ሜን» የተሰኘ ፊልምም የ1963ቱን የባልቲሞር ሳይዲንግ ሻጮች የሚያሳይ ነው። ፊልሙ ያስቃል፤ ቤታቸውን ያሠሩት ሰዎች ግን የሳቁ አይመስልም።

ቪኒሉ ወደ ገበያ የገባው በዚሁ ጊዜ ነው። ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ እንዲለሰልስና ለሥራ እንዲመች ያደረገው ዋልዶ ሲሞን የተባለ ኬሚስት በ1926 አክሮን ኦሃዮ ነበር፤ የቤት ልብስ የሆነው በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚያው ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ይሰነጠቁና ቀለማቸውን ይለቁ ነበር። እየተሻሻለ ሄዶ በ1990ዎቹ ውስጥ ለአዳዲስ የአሜሪካ ቤቶች ከሁሉ ይበልጥ የሚመረጥ ልብስ ለመሆን በቃ።

የልኩ ሂሳብ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። የንግዱ መለኪያ «ስኩዌር» ይባላል፤ አሥር ጫማ በአሥር ጫማ፣ ማለትም 100 ካሬ ጫማ ነው። ወርዱ 30፣ ርዝመቱ 40 ጫማ፣ የግድግዳው ከፍታ 18 ጫማ የሆነ ቤት ቢኖር ዙሪያው 140 ጫማ ነው፤ በ18 ሲባዛ 2,520 ይሆናል። በሁለቱ ጫፍ ከጣሪያው ሥር ያሉት ባለ ሦስት ማዕዘን ግድግዳዎች ከፍታቸው 8 ጫማ ቢሆን እያንዳንዳቸው 120፣ በድምሩ 240 ናቸው። ጠቅላላው 2,760 ካሬ ጫማ፤ ለቁርጥራጭ አሥር በመቶ ሲጨመር 3,036፣ ወይም በግምት 31 ስኩዌር ይሆናል። የተለመዱት በርና መስኮቶች ብዙውን ጊዜ አይቀነሱም፣ እንደ ጋራዥ በር ያለው ትልቅ ክፍት ግን ሊቀነስ ይገባዋል። 45 ስኩዌር ብሎ ለመጣ ሰው እንግዲህ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል።

የቀረው ልዩነት ከልኩ ውጪ ባሉ ነገሮች ይመጣል። አሮጌው ይነሳል ወይስ በላዩ ይለበጣል? ከሥሩ የሚገባው ውኃ መከላከያ፣ የመስኮት ጠርዙ፣ የከተማው ፈቃድ በዋጋው ውስጥ ናቸው? የቪኒሉ ውፍረትስ? ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የእርሳስ ቀለም፣ ያረጀው ልብስ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ጥንቃቄው ወጪ ይጨምራል። ሠራተኛውም እንዲሁ ርካሽና ውድ አለው፤ ቪኒል በሙቀት ስለሚለጠጥ ምስማሩ ጥብቅ ተደርጎ አይመታም። ይህን የማያውቅ ሰው የመታው ግድግዳ በመጀመሪያው በጋ ይጎብጣል።

ሕጉ ዘግይቶም ቢሆን ደርሷል። በ1974 ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ፣ ሻጭ ቤቱ ድረስ መጥቶ ያስፈረመው ሰው እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ውሉን እንዲሰርዝ ይፈቅድለታል፤ ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል፣ እሑድ አይቆጠርም። በ1976 የጸናው ሌላ ደንብ ደግሞ ሻጩ ባመቻቸው ብድር የተሠራ ሥራ ሲበላሽ ባለቤቱ አቤቱታውን በዕዳው ገዢ ላይም እንዲያቀርብ መንገድ ከፈተ።

በመጀመሪያው ደንብ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ሐረግ አለ። ውሉ የሚጻፈው ሻጩ ዕቃውን ለማግባባት በዋናነት በተናገረበት ቋንቋ መሆን አለበት ይላል። በሳሎኑ ተቀምጦ፣ ቡናውን እየጠጣ በአማርኛ ያግባባ ሻጭ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ውል ማስፈረም አይችልም ማለት ነው፤ ከውሉም ጋር ሁለት ቅጂ የመሰረዣ ቅጽ አብሮ መስጠት ይገባዋል።