ይዘትን ከማሳያው መለየት፦ ራስ አልባ የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ለሶፍትዌር አበልጻጊዎች የሚሰጠው ነፃነትና ወሰኑ

የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት የሚባለው ጽሑፍ፣ ምስልና ድምፅ የሚገቡበት፣ የሚታረሙበትና ለሕዝብ የሚለቀቁበት ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ወርድፕረስና መሰሎቹ ይህን ሥራ ከገጽ ማሳየት ጋር አጣምረው ይዘው የኖሩ ሲሆን፣ አዘጋጁ የጻፈው ጽሑፍ ዳታቤዝ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ እዚያው በተዘጋጀ የገጽ ንድፍ ተቀናብሮ ለአንባቢው ብሮውዘር ይላካል። ራስ አልባ የተባለው ዓይነት ግን የማሳያውን ክፍል ጨርሶ በመተው፣ ይዘቱን የሚያቀብለው በኤፒአይ፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም ከሌላው መረጃ በሚጠይቅበትና በሚቀበልበት የተወሰነ ሥርዓት ብቻ ነው፤ ምላሹም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ጄሰን በሚባለው፣ እያንዳንዱን መረጃ ከነስሙ በሚዘረዝረው የአጻጻፍ ስልት ነው።

ሐሳቡ አሁን ከሚጠራበት ስም ይቀድማል። የአሜሪካው ብሔራዊ የሕዝብ ሬዲዮ ኤንፒአር እ.ኤ.አ. በ2008 ኤፒአዩን ለሕዝብ ክፍት ያደረገ ሲሆን፣ በወቅቱ ሥራውን ይመራ የነበረው ዳንኤል ጃኮብሰን በተከታዩ ዓመት «አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ በየቦታው ማተም» የሚለውን መርሕ በጽሑፍ አብራርቷል። በዚህ አሠራር አንድ ዘገባ እንደ አንድ ገጽ ሳይሆን እንደ ርዕስ፣ አጭር መግቢያ፣ ሙሉ ጽሑፍ፣ ድምፅና ምስል ተለያይቶ ይቀመጥ ስለነበር፣ ድረ ገጹ ሁሉንም፣ የስልክ መተግበሪያው ደግሞ ርዕሱንና ድምፁን ብቻ ሊወስድ ይችል ነበር። ጃኮብሰን ይዘቱ ከገጽ ቅርጽ ምልክቶች መጽዳት አለበት ማለቱም ብዙዎች ኋላ የዘነጉት፣ ግን ከሁሉም የሚልቀው ነጥቡ ይመስላል።

ለአበልጻጊው የሚገኘው ነፃነት ከዚህ መለያየት ይመነጫል። ወርድፕረስን ለማስጌጥ ፒኤችፒ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ማወቅ ግድ የነበረ ሲሆን፣ ይዘቱ በኤፒአይ ሲመጣ ግን ድረ ገጹ በጃቫስክሪፕት፣ የስልክ መተግበሪያው በኮትሊን ወይም በስዊፍት ቢሠራ ይዘት አቅራቢው ጉዳዬ አይለውም። ወርድፕረስ ራሱ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 በወጣው 4.7 እትሙ የይዘት ኤፒአዩን በዋናው ሶፍትዌር ውስጥ ማካተቱ ነባሮቹም ወደዚሁ ማዘንበላቸውን ያሳያል። ጥቅሙ በአማርኛ ይዘት ላይ በተለይ ጎልቶ ይታያል፤ የዚያ እትም የወጣበት ቀን 2016-12-06 ተብሎ አንድ ጊዜ ከተመዘገበ፣ የዋሽንግተኑ ማሳያ እንዳለ ሊያቀርበው፣ የአዲስ አበባው ደግሞ በጃቫስክሪፕት ውስጥ ባለው የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር አማካይነት ኅዳር 27 ቀን 2009 አድርጎ ሊያወጣው ይችላል፤ ቀኑ በጽሑፉ መሐል በቃላት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ባልተቻለ ነበር።

ይህ ነፃነት ሥርዓቱን በመግዛት ወይም በመትከል ብቻ አይገኝም። ራስ አልባ ሥርዓቶች የሆኑት ኮንቴንትፉልም ሆነ ስትራፒ ባዶ መስኮችን የሚያደራጅ መሣሪያ ይሰጣሉ እንጂ፣ የትኛው መረጃ በየትኛው መስክ ይግባ የሚለውን፣ ማለትም የይዘት ሞዴሉን፣ የሚወስነው አበልጻጊው ከአዘጋጆቹ ጋር ተመካክሮ ነው። አዘጋጁ ከዎርድ ሰነድ ገልብጦ ከነቀለሙና ከነሠንጠረዡ በአንድ ሰፊ መስክ ውስጥ የሚለጥፍ ከሆነ፣ ለኮምፒውተር ስክሪን ስፋት የተሰላው ሠንጠረዥ እንዳለ ወደ ስልኩ ይሄዳል፤ ሥርዓቱ በስም ራስ አልባ ቢባልም ማሳያው በይዘቱ ውስጥ ተሸሽጎ ቀርቷል ማለት ነው።

ወጪውም ቀላል አይደለም። ከነባሩ ሥርዓት ጋር ተዘጋጅተው የሚመጡት የገጽ አድራሻዎች፣ ምናሌዎች፣ ለፍለጋ ሞተር የሚዘጋጁ መግለጫዎች፣ ከሁሉም በላይ ጽሑፉ ከመለቀቁ በፊት መልኩን አይቶ የማረጋገጥ ዕድል፣ በአዲሱ አሠራር እንደገና በአበልጻጊው እጅ መሠራት አለባቸው። በዚህ ላይ ሳኒቲ የተባለው ሥርዓት ግሮክ በሚለው የራሱ የመጠየቂያ ቋንቋ እንደሚሠራ ሁሉ፣ አንዳንዶቹ የየራሳቸው ስልት ስላላቸው፣ አቅራቢ ሲቀየር ይዘቱ ቢሻገርም በየመተግበሪያው የተጻፉት ጥያቄዎች እንደ አዲስ ይጻፋሉ። በመሆኑም አንድ ድረ ገጽ ብቻ ላለውና አንድ ባለሙያ ለሚያሠራ ድርጅት ነባሩ ወርድፕረስ እስከ አሁንም የተሻለ ምርጫ ሲሆን፣ ራስ አልባው አሠራር ወጪውን የሚመልሰው ቢያንስ ሁለተኛ ማሳያ፣ ለምሳሌ የስልክ መተግበሪያ፣ በእርግጥ ሲታቀድ ነው።