በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል

መቼም ሕክምና ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሐኪሙ፣ መርፌውና አልጋው ነው። የጡት ካንሰር ግን ሌላም ቦታ አለው፤ ቤት። ኬሞቴራፒ የምትወስድ ሴት መድኃኒቱን የምትቀበለው በአንድ ቀን ነው። ማቅለሽለሹና የአፍ ቁስሉ የሚመጣው እቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ቀጣዩ ቀጠሮ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚያሳንስ፣ «ያልፍልኛል» ተብሎ የታለፈ ትኩሳት በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ይህን ባዶ ጊዜ ለመሙላት ቀድመው ከተነሱት አንዷ ሐኪም አልነበሩም። ወይዘሮ ቴሬዝ ላሰር እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዮርክ ውስጥ ጡታቸው በቀዶ ጥገና ተወገደ። ክንዴን እንዴት ላንቀሳቅስ፣ ምን ልልበስ ለሚለው ጥያቄያቸው መልስ የሚሰጥ ሰው አጡ። እናም ራሳቸው እየዞሩ እንደሳቸው የታመሙትን መጠየቅ ጀመሩ። ነገሩ ያልተዋጠላቸው ሐኪሞች ነበሩ። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ሥራቸውን የተረከበው በ1969 ነው።

የዛሬው የሞባይል አፕሊኬሽን የዚያች ጠያቂ የልጅ ልጅ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ስቶክሆልም ውስጥ ከቀዶ ጥገና በፊት ኬሞቴራፒ የሚወስዱ 149 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሽ ያህሉ «ኢንተራክቶር» የተባለ አፕሊኬሽን ስልካቸው ላይ ተጫነላቸው። በሥራ ቀናት ዛሬ እንዴት ዋልኩ የሚለውን ይሞላሉ። ጠንከር ያለ ነገር ከተመዘገበ ለነርሷ ማስጠንቀቂያ ይደርሳታል፤ ትደውላለች። በ2020 በወጣው ውጤት መሠረት እነዚህኞቹ ላይ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የምግብ ፍላጎት ማጣት ቀንሶ ተገኝቷል።

«እሱማ ምቾት ነው» የሚል አይጠፋም። ዶክተር ኢታን ባሽና ባልደረቦቹ በ2017 ኒውዮርክ ላይ ስለተደረገ ጥናት ያወጡት ግን ከምቾት ያለፈ ነው። 766 ሰዎች ተካፍለውበታል፤ ካንሰራቸው የተሰራጨ፣ የጡት ካንሰር ያለባቸውም የነበሩበት። ስሜታቸውን በኢንተርኔት ሲያሳውቁ የቆዩት አማካይ ዕድሜያቸው 31.2 ወር፣ በተለመደው መንገድ የታከሙት ደግሞ 26 ወር ሆነ። አዲስ መድኃኒት ይህን ያህል ቢጨምር ስንት ይወራለት ነበር!

ታዲያ ማሽኑ ብቻውን ያደረገው ነገር የለም። ማስጠንቀቂያውን ያዩት ነርሶች ናቸው፣ መድኃኒት ያስተካከሉትም፣ «ቶሎ ነይ» ያሉትም እነሱ። ከክፍለ ሀገር ጥቁር አንበሳ መጥታ፣ ኬሞ ወስዳ በአውቶቡስ የምትመለስ የኛ ሴት ሌሊት ትኩሳት ቢይዛት ያቺው ባለቁልፍ ተራ ስልኳ ትበቃታለች፤ ወዲያ ማዶ የሚያነሳ ካለ።