የተድሞር የቀረጥ ድንጋይ



ተድሞር በሶርያ በረሃ መካከል የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። ሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 8 ላይ ሰሎሞን በምድረ በዳ እንደሠራት ተጽፏል። ሮማውያን ፓልሚራ ይሏት ነበር። ከደማስቆ በስተሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚያ ደረቅ ምድር ከተማ ሊቆም የቻለው ኤፍቃ በሚባል ምንጭ ነው፤ ውኃው ዲን ዲን ቢልም የተምርና የወይራ ተክሉን ያጠጣ ነበር።

ሀብቷ ግን ከሲራራ ንግድ የመጣ ነው። ቅመም፣ ሽቱና ሐር የጫኑ ግመሎች ከኤፍራጥስ ወደ ሜዲትራኒያን ሲያልፉ እዚያ ያርፋሉ፤ ቀረጥም ይከፈልባቸዋል።

ቀረጡን የሚሰበስበው በኮንትራት የተረከበ ሰው ነበር። አሮጌው ሕግ ብዙ ዕቃ ስላልዘረዘረ የሚጠየቀው «በልማድ» ነበርና በነጋዴውና በቀራጩ መካከል ጠቡ በረከተ። እ.ኤ.አ. በ137 የከተማዋ ሸንጎ ሁሉን በቁጥር ወስኖ፣ በግሪክኛና በአራማይክ በድንጋይ አስቀረጸና በአደባባይ አቆመው። በአልባስጥሮስ ብልቃጥ የመጣ አንድ የግመል ጭነት ሽቱ 25 ዲናር፣ በአቁማዳ ከመጣ 13 ዲናር ይከፍላል። በሁለቱ ምንጮች ለመጠቀም በዓመት 800 ዲናር ነው። ከአካባቢው መንደር የሚመጣ እህል ግን አይቀረጥም። ሰው እንኳ እንደ ዕቃ ተቆጥሮ ለአንድ ባሪያ 22 ዲናር ይከፈል ነበር፤ የሀብቱ ክፉ ገጽ ይህ ነው።

የተድሞርን ስም ያስጠራችው ንግሥት ዘኖቢያ ናት። ባሏ ከተገደለ በኋላ በልጇ ስም ገዝታ ጦሯን እስከ ግብፅ አደረሰች። በ272 የሮማው ንጉሥ አውሬልያን ድል አደረጋት፤ በዓመቱ ሕዝቡ ቢያምፅ ከተማዋ ተዘረፈች። ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞ ክብሯ አልተመለሰችም። ድንጋዩ ግን ተርፎ ዛሬ በሩሲያ፣ በቅዱስ ፒተርስበርግ ሙዚየም ይገኛል።

በእኛም ማኅበር መዋጮ ላዘገየች የሚጣለው ቅጣትና ብድር የሚራዘምበት ሁኔታ «እንደ ልማዳችን» እየተባለ ይሠራል። ልማዱን ነባሮቹ ያውቁታል፤ አዲስ የገባችው አታውቀውም። ቅር ስትሰኝም የምታሳየው ጽሑፍ የላትም፤ ገንዘብ ያዧም ብትታማ ራሷን የምትከላከልበት የለም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እያንዳንዱን መጠን በቁጥር ወስነን በመሰብሰቢያችን ግድግዳ ላይ ብንለጥፈው መልካም ነው። ለእኛ ድንጋይ አያስፈልገንም፤ አንድ ወረቀት ይበቃናል።